ማንኪያው አፉ ጋ ሲደርስ መብራት ጠፋ

ሰው እንከኑን የሚደብቀው ከሚወደው ሰው ነው። ከማይወደው ሰውማ ምን አስጨንቆት ይደብቃል? ከጎረቤት ጋር ስንጣላ ጥርሳችን ሞላ ጎደለ ሳንል አፋችንን እስከ ጆሯችን ከፍተን እንሰዳደባለን። የምንወደው ሰው ብቅ ሲል ግን ሆዳችንን ወደ ውስጥ እንስባለን፣ ካልሲያችን የተቀደደ እንደሆነ ጫማ ከሚያስወልቅ ቤት አንገባም፣ ስናዛጋ እንኳ በአፍንጫችን ነው። ፍቅር ሲጀመር ትንሽ ማጭበርበር አለበት፤ ይህንን የሚክድ ካለ እሱ ራሱ እያጭበረበረ ነው። ችግሩ የሚመጣው ማጭበርበሩን የቱ ጋ እንደምናቆም ሳናውቅ ስንቀር ነው።

የመደበቁ ነገር ደግሞ እንደ አገሩ አየር ይለያያል። ደብረ ሲና ላይ ቀላል ነው። እዚያ ጉም አለ፣ ብርድ አለ፣ ጋቢ አለ። በጋቢ ላይ ጋቢ የደረበ ሰው ቀጭን ይሁን ወፍራም ሚስቱም በደንብ የምታውቅ አይመስለኝም። ቁልቁለቱን ወርዳችሁ ወደ እኛ ስትመጡ ግን ነገሩ ይለወጣል። አውቶቡስ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሹራቡን ማውለቅ ሲጀምር ሸዋ ሮቢት ደርሳችኋል ማለት ነው። እኛ ጋ ምሥጢር አይቆይም፤ ያልበዋል። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይላሉ። የግንቦት ፀሐይ እያለች ብቅሉ እስኪበቅል ማን ይጠብቃል?

እኔ ብዙ የማወራ ሰው አይደለሁም። እናቴ ዝም አይነቅዝም ብላ ነው ያሳደገችኝ፤ ስምንተኛ ክፍል ላይ ደብተሬን አጥፌ ካሣሁንን ሳገባም ከጥሎሼ ጋር ይዤው የገባሁት ያንኑ ዝምታዬን ነው። ዝምተኛ ሰው አንድ ጥቅም አለው። ሰዎች እንደ ሳጥን ይቆጥሩትና ፊቱ ሁሉንም ያወራሉ። ሳጥን ግን ዓይን የለውም። እኔ አለኝ።

ካሣሁን ባለቤቴ ነው፤ አስፋልቱ ዳር ጎሚስታ ቤት አለው። ወደ ደሴ የሚያልፈው፣ ወደ አዲስ አበባ የሚወጣው መኪና ጎማው ሲፈነዳ የሚያስለጥፈው እሱ ጋ ነው። ቀትር ላይ ከሰል መስሎ ይመጣል፣ ይታጠባል፣ ምሳውን ይበላል፣ ጆግ ሙሉ ውሃ ይጠጣል፣ «እጅሽ ይባረክ» ይላል፣ ይሄዳል። ውሃውን የሚጠጣው በሙቀቱ ነው። ሮቢት ላይ የማይጠጣ ማን አለ?

የካሣሁን ታላቅ እህት እትዬ ብዙነሽ ከእኛው ግቢ በጓሮ በኩል ባለችው ክፍል ትኖራለች። እናታቸው ስትሞት ካሣሁን ገና ልጅ ነበር፤ እሱን ላሳድግ ስትል የራሷ የጋብቻ ወቅት በጎን አለፋት። ልብስ ሰፊ ናት። በእርሷ እጅ ያለፈ ቀሚስ ከባለቤቱ በላይ ይኖራል። ታዲያ ልጅ ሳለች ማንጎ ልታወርድ ዛፍ ላይ ወጥታ ወድቃ ኖሮ የላይኞቹ ሁለት የፊት ጥርሶቿ የሉም። ከዚያ ወዲህ ከሰው ፊት ስትቀርብ አፏን በነጠላዋ ሸፈን ታደርጋለች፤ ስትሰፋ ደግሞ ከንፈሮቿ መሀል ስፒል ትይዛለች። ስፒል በአፉ የያዘን ሰው ሳቅልኝ የሚል የለም። የሮቢት ሰው ጥርሷን አላየም፤ ያየው ነጠላዋን ነው። «ጭምት ናት» ይላል። «የዛሬ ልጆች ከብዙነሽ ቢማሩ!» ይላል። ሁለት ጥርስ አጥታ የጨዋነት ስም አተረፈች። እኔ ግን ማታ ማታ ከልጄ ከቤዛ ጋር ስትጫወት፣ ሌላ ሰው በሌለበት፣ እንደምትስቅ አውቃለሁ። ያኔም ቢሆን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ነው።

ይህችን ሴት ነው እንግዲህ ጋሽ ሙላት የወደዷት።

ጋሽ ሙላት የሽንኩርት ነጋዴ ናቸው፤ ከማጀቴና ከአጣዬ ይሰበስቡና ወደ ላይ ይጭናሉ። ሚስታቸው ከሞተችባቸው ቆይቷል። ዕድሜያቸው ሲጠየቅ «አርባዎቹ ውስጥ ነኝ» ይላሉ፤ አርባዎቹ ውስጥ ምን ያህል ጊዜ እንደቆዩ ግን አይናገሩም። ፀጉራቸው እንደ ቁራ ጥቁር ነው። ባርኔጣ ያደርጋሉ፣ በዚያ ላይ ጥላ ይይዛሉ፣ ፀሐይ ባለበት አይቀመጡም። ሰው ይህንንም «ኩሩ ናቸው» ብሎ ተረጎመው። የእኛ ከተማ ሰውን ለማመስገን ችኩል ናት፤ ኋላ ስትጸጸት ደግሞ ከዚያ ትብሳለች።

ሸሚዛቸው ቁልፍ አልበረክት አለው። ዛሬ የእጅጌው፣ ነገ የደረቱ፣ ከነገ ወዲያ ያው የእጅጌው። እትዬ ብዙነሽ ትተክላለች፣ ቁልፉ ይበጠሳል። አንድ ቀን በሩ ላይ ቆመው ሊገቡ ሲሉ አየኋቸው፤ ግራ ቀኝ ቃኙና ቁልፋቸውን በጥርሳቸው በጥሰው ኪሳቸው ከተቱት። ዝም አልኩ። ከዚያ ብዙም ሳይቆዩ ሽማግሌ ላኩ።

ሽማግሌዎቹ አቶ ደምሴና ሃጂ ሰይድ ነበሩ። አቶ ደምሴ በዚህ በኩል ያለውን ጋብቻ ግማሹን ያስማሙ፣ የግማሹን ጠብ ደግሞ ያበረዱ ሰው ናቸው። ሃጂ ሰይድ የእህል ነጋዴ፣ የጋሽ ሙላት የገበያ ወዳጅ ናቸው። መጡና እንደ ወጉ ቆመው «ልጃችሁን ለልጃችን» አሉ። ልጅ የተባሉት ጋሽ ሙላት የልጅ ልጅ አላቸው። ካሣሁንም እንደ ወጉ «እናጠያይቅና እንነግራችኋለን» ብሎ መለሳቸው።

ማጠያየቅ ማለት መቼም ታውቃላችሁ፣ የሰውየውን እንከን መፈለግ ነው። ካሣሁን ሾፌሩን ጠየቀ፣ ጫኝ አውራጁን ጠየቀ፣ የአጣዬ ሰው ጠየቀ። ሁሉም «እንዲህ ያለ ሰው የት ይገኛል!» አሉት። ሠርግ የሸተተው ሰው ክፉ አይናገርም። በመጨረሻ ካሣሁን አንድ ዘመናዊ ሐሳብ መጣለት። ሁለቱ ቁልፍ ከመትከልና ከማስተከል በቀር ቁጭ ብለው ተያይተው አያውቁም፤ ለምን በእኛው ፊት፣ በጨዋ ደንብ፣ አንድ ቤት ውስጥ ተቀምጠው አይተያዩም? የት? ቪዲዮ ቤት።

ያኔ መንግሥት ከተለወጠ ወዲህ ቪዲዮ ቤት እንደ አሸን የፈላበት ጊዜ ነው። የእኛን ሰፈር የያዘው በቀለ ነበር፤ ጭቃ ግድግዳ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ መስኮቱ በጥቁር ጨርቅ የተጋረደ፣ አግዳሚ ወንበር የተደረደረበት ቤት። ብዙ ጊዜ የሚያሳየው ካራቴ ነው፤ ሰዉ ተመታትቶ ሲያልቅ እኛ በላብ አልቀን እንወጣለን። በዚያ ሰሞን ግን ከየት እንዳመጣው እንጃ አንድ አሮጌ ፊልም ይዞ መጣ። ቀለም የለውም፣ ወሬም የለውም ማለት ይቻላል፤ የሚያስቁት በእጅና በእግራቸው ነው። በቀለ «የፍቅርም ነው የሳቅም ነው፤ ለቤተሰብ» አለ። እሑድ ከሰዓት ሄድን። እኔና ካሣሁን መሀል ተቀመጥን፣ ቤዛ ጭኔ ላይ፣ እትዬ ብዙነሽ ከእኔ ጎን በነጠላዋ ተሸፋፍና፣ ጋሽ ሙላት ከካሣሁን ጎን ከነባርኔጣቸው። በመካከላቸው አንድ ቤተሰብ አለ፤ ወጉ ተጠብቋል።

ወዲያው ከኋላ «ባርኔጣ! ኧረ ባርኔጣ አውልቁልን፣ አልታየንም!» የሚል ጩኸት ተነሣ። ጋሽ ሙላት እንዳልሰሙ ሆኑ። «የፊተኛው ሰውዬ!» ብለው ከኋላ ደገሙ። ካሣሁንም ሳያውቅ «ጋሼ፣ እዚህ ፀሐይ የለም እኮ» አላቸው። ሰውዬው ባርኔጣቸውን ቀስ ብለው፣ ክዳኑ እንዳይነቃነቅ እንደሚፈራለት ድስት አነሡና ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

ፊልሙ እንዲህ ነው። አንድ ረጅም፣ ቀጭን አስተናጋጅ አለ፤ እጁ ይንቀጠቀጣል። ሳህን ያነሣል፣ ሳህኑ ይወድቃል። አንዲት ወፈር ያለች ሾርባ ሠሪ ደግሞ አለች፤ ምላሷ ጨው አይለይም። ትጨምራለች፣ ትቀምሳለች፣ ትከዝ ብላ እንደገና ትጨምራለች። እንግዶቹ አንድ ማንኪያ ይቀምሱና የአበባ ማስቀመጫውን ውሃ ሳይቀር አንሥተው ይጨልጡታል። ታዲያ እነዚህ ሁለቱ ይዋደዳሉ። እሱ ሾርባዋን በየቀኑ እስከ መጨረሻው ጠጥቶ ጣቶቹን ይስምላታል፤ ከዚያ በጓሮ በር ሮጦ ይወጣና ከፈረስ ገንዳ ከፈረሱ ጋር ጎን ለጎን ሆኖ ውሃውን ይጠጣል። ፈረሱ ዘወር ብሎ ያየዋል። እሷ በበኩሏ እሱ የሰበረውን ሳህን የቤቱ ጌታ ሳያይ በሽርጧ ሰብስባ ጓሮ ትቀብራለች። ጓሮው የሳህን መካነ መቃብር ሆኗል። እሱ ጨው እንደሚበዛባት ያውቃል፣ እሷ እጁ እንደሚንቀጠቀጥ ታውቃለች፤ ሁለቱም አናውቅም ብለው ይኖራሉ። እኔ ይህንን ሳይ «ይሄማ የስንቱ ሰው ትዳር ነው» ብዬ አሰብኩ። የሰው ትዳር ማለቴ ነው፤ የራሴ ትዝም አላለኝ።

በቀለ ዱላ ይዞ ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆሞ ያብራራል። «አሁን ይወድቃል!» ይላል፤ ይወድቃል። «አሁን ትቀብረዋለች!» ይላል፤ ትቀብረዋለች። «በቀለ፣ እኛም ዓይን አለን እኮ!» ብለው ጮኹበት። «ቆዩ፣ አሁን ፈረሱ ይመጣል» አለ። ከእኩሌታው በኋላ ግን ዱላውን አስቀምጦ ከእኛ ጋር ተቀመጠ። «ከዚህ ወዲያ እኔም አላየሁትም» አለ።

ቤቱ እንደ ምድጃ ግሏል። ሰው በሳቅ ይንፈራፈራል። እትዬ ብዙነሽ የፈረሱ ገንዳ ላይ ነጠላዋን ነከሰች። የሳህኑ ቀብር ላይ ትከሻዋ ይርገፈገፍ ጀመር። ጋሽ ሙላት ደግሞ እየሳቁ በመሀረብ ግንባራቸውን ሳይሆን አንገታቸውን ብቻ ጠረግ ጠረግ ያደርጋሉ፤ ይሄም ታየኝ፤ ለምን እንደሆነ ግን አልገባኝም።

በመጨረሻ የቤቱ ጌታ ሁሉንም ደረሰበት። ሾርባ ሠሪዋን አባረራት። ሻንጣዋን አዘጋጀች፤ ግን ከመሄዷ በፊት አንድ ጎድጓዳ ሳህን ሾርባ ቀድታ አስተናጋጁ ፊት አስቀመጠችና እጇን አጣምራ አየችው። ቋንቋቸውን ማወቅ አያስፈልግም። የየትም አገር ሴት ምግብ አቅርባ እንዲያ ስታይ «እንዴት ነው? እውነቱን ንገረኝ» ማለቷ ነው። ሰውዬው ማንኪያውን አነሣ። እጁ ተንቀጠቀጠ። ማንኪያው አፍንጫው ጋ ሄደ፣ ጆሮው ጋ ሄደ፣ ሾርባው ክራቫቱ ላይ ዘነበ፣ እንደገና ቀዳ፣ እንደገና አገጩ ጋ ሄደ። ቤቱ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ። በዚህ መሀል ከጎኔ አንድ ሳቅ ተነሣ። በቁልቁለት ተገፍቶ እንደሚነሣ የጭነት መኪና ሞተር መጀመሪያ ተንተፋተፈ፣ ከዚያ ያዘ፣ ከዚያ የሁሉንም ሳቅ ውጦ ለብቻው ቀረ። ማንኪያው ያስተናጋጁ አፍ ጋ ደረሰ። ከንፈሩ ተከፈተ።

መብራት ጠፋ።

ጨለማው ውስጥ ያ ሳቅ ማቆም አቅቶት ይሄዳል። በቀለ ሰው እንዳይታፈን ብሎ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተው። የሮቢት ፀሐይ እንደሆነች ተጋበዢ እስኪሏት አትጠብቅም፤ ዘልቃ ገባች። እትዬ ብዙነሽ ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ ወድቆ፣ አፏ እስከ ጥጉ ተከፍቶ፣ ያ የማንጎ ዛፍ ያወለቀው ጥርስ ክፍተት ለከተማው ሁሉ ታየ። ጋሽ ሙላት ሊያዩዋት ዘወር ብለዋል። ከግንባራቸው ጥቁር ጅረት ተነሥቶ፣ አንዱ በአፍንጫቸው ጥግ፣ ሌላው በጉንጫቸው፣ ሌላው በጆሯቸው ሥር ወርዶ ነጩ ኮሌታቸው ላይ ተገናኝቷል። ሁለቱ ተያዩ።

ቤዛ ጭኔ ላይ ቆመች። «እማዬ፣ ሰውዬው ቀለጠ!» አለች።

አንድም ሰው አልሳቀም። ጋሽ ሙላት ባርኔጣቸውን አጠለቁ፣ ለግድግዳው «ደህና ዋሉ» ብለው ወጡ። እትዬ ብዙነሽ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ድረስ ስባ ተከተለች፤ በሌላ አቅጣጫ።

ትራንስፎርመሩ ተቃጥሏል ተባለ። መብራቱ በዚያው ጠፍቶ ከረመ፤ ፊልሙም ማንኪያው አፍ ላይ እንደቆመ ቀረ። ከተማው ሁለት ጥያቄ ተሸክሞ ሰነበተ፤ አስተናጋጁ ምን አለ? ጋሽ ሙላትስ ምን ይሉ ይሆን? ጎሚስታ ቤቱ ችሎት ሆነ። አንዱ ሾፌር «'ይጣፍጣል' ነው የሚላት እንጂ! ለሚወዳት ሴት ካልዋሸ ለማን ሊዋሽ ነው?» አለ። ረዳቱ «እስከ መቼ ከፈረስ ጋር ሊጠጣ?» ብሎ መለሰለት። ለካሣሁን ምሳ ላደርስ በሄድኩ ቁጥር አንድ ሰው ለአስተናጋጁ ጠበቃ ሆኖ አገኛለሁ።

እትዬ ብዙነሽ ግን ስፒሎቿን በአፏ ይዛ ትሰፋለች። ሽማግሌዎቹ የሚመለሱበት ቅዳሜ ሲቃረብ ካሣሁን ገብቶ ከፊቷ ተቀመጠ። እኔ ጥግ ላይ ሽንኩርት እልጣለሁ፤ ሳጥኗ።

ስፒሎቹን ከአፏ አውጥታ «እምቢ በላቸው» አለችው።

«ምነው እትዬ? ሰውዬው እኮ ምንም አላሉም።»

«እሱ ነው የጨነቀኝ። ምንም አይሉም። ሽማግሌ ልከው 'ግድ የለም' ይሉኛል። እስከ ዛሬ ጥርሴን ስደብቅ ኖሬ፣ ቀሪ ዕድሜዬን ደግሞ 'ግድ የለም' ስባል ልኑር? ያየውን አየሁ ከማይል ሰው ጋ መኖር ከመጋረጃ ጋር መጋባት ነው።»

«ታዲያ ምን እንዲሉሽ ነው የምትፈልጊ? 'ወላቃ' ብለው እንዲሰድቡሽ?»

«እሱን ባውቅማ» አለችና ስፒሎቹን መልሳ ከንፈሯ ላይ ሰካች። ችሎቱ ተነሣ ማለት ነው። ዓይኗ ግን አሁን የሚሰፋው ጨርቅ ላይ አልነበረም፤ መስኮቱ ላይ ለብቻው የተሰቀለ፣ ሁሉም ቁልፍ የተተከለለት፣ ባለቤቱ ያልወሰደው ሸሚዝ ላይ ነበር። እምቢ በላቸው ያለችው ሴት አቧራውን በየጠዋቱ ታራግፍለታለች።

ቅዳሜ ደረሰ። አቶ ደምሴና ሃጂ ሰይድ መጡ። ጋሽ ሙላትም አብረው መጡ! ሽማግሌ የላከ ሰው ራሱ አይመጣም፤ ነውር ነው። እሳቸው ግን ከተማ ካየኝ በኋላ ምን ነውር ቀረኝ ብለው ነው መሰለኝ፣ ግቢያችን ውስጥ ካለው ኒም ዛፍ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ባርኔጣ የላቸውም። ጥላ የላቸውም። ፀጉራቸውን አሳጥረው ተቆርጠውት የተፈለቀቀ ጥጥ መስሏል። አሁን ስድሳዎቹን ሊያንኳኩ የደረሱ፣ ግን መልካቸው ከበፊቱ ያማረ ሰው ሆነው ታዩኝ።

ውስጥ ያለው ነገር ግን አልሄድ አለ። የሽማግሌ ጥበቡ መሸፈን ነው። አኩራፊውን «ቁጥብ ነው» ይላሉ፣ ሰካራሙን «ተጫዋች ነው»፣ ሰነፉን «አይቸኩልም»። የሴቷም ወገን እንዲሁ ያደርጋል። በዚህ መሸፈኛ ላይ ነው ስንቱ ትዳር የቆመው። ዛሬ ግን ምኑ ይሸፈን? አቶ ደምሴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጃችን ሙላት እንግዲህ...» አሉና ዓይናቸው ወደ በሩ፣ ወደ ነጩ ፀጉር ሄደ። ቆሙ። ካሣሁንም «እህታችን እንደምታውቋት ጭ...» ብሎ «ጭምት» የምትለዋን ሳይጨርስ ዋጣት። ስንት ጋብቻ ያስማሙ አንደበቶች ሁሉም ያየው ነገር ፊት ሥራ ፈቱ።

በዚህ ጊዜ ሃጂ ሰይድ ጎንበስ አሉ። «ወላሂ አቶ ደምሴ፣ ያ አስተናጋጅ ግን ምን ያለ ይመስልሃል?»

«ተው እንጂ ሃጂ፣ ለምን መጣን?»

«ለዚሁ አይደል? እኔ 'ይጣፍጣል' ብሎ ይወስዳታል ባይ ነኝ።»

«ታዲያ ዋሽቶ ሊወስዳት!» አሉ አቶ ደምሴ ሳያስቡት።

«አንተ ስትዋሽ አይደል የኖርክ? የአጣዬውን ሙሽራ 'ላም አለው' ያልከው የት አለች ላሟ?»

«ሞተች አልኩህ!»

ካሣሁን ጠቡ ሳይጋጋል ምግብ እንዳመጣ በዓይኑ ጠቀሰኝ። እንደ ወጉ ሽማግሌ መልሱን ሳይሰማ አይበላም፤ ዛሬ ግን ወጉም መንገዱ ጠፍቶበታል። ሃጂ ስላሉ ሁሉም ከአንድ ትሪ እንዲበሉ ብዬ የምስር ወጥ ነበር የሠራሁት። ሙሽሪት አትሠራም፤ ሥራው የእኔ ነው። አቀረብኩ። አቶ ደምሴ ጎረሱ። ማኘክ አቆሙ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «እጅሽ ይባረክ» አሉ በቀጭን ድምፅ። «እንዲህ ያለ ወጥ በልቼ አላውቅም።» እውነታቸውን ነበር፤ እኔ ግን ያኔ ምስጋና መሰለኝ። ሃጂ ጎረሱ፣ ጣሪያውን አዩ፣ «ማሻአላህ» አሉ፤ ከዚያ ደረቅ እንጀራ ብቻ ይቆርሱ ጀመር። ካሣሁን ብቻ እንደ ዘወትሩ ይበላል።

ከመጋረጃው ኋላ እትዬ ብዙነሽ በእንጀራ ጫፍ ከድስቱ ቀመሰች። ቅንድቧ ሲነሣ አየሁት። ሳህን አንሥታ በወጉ ቆልላ ቀዳችና ሰጠችኝ።

«ለሳቸውም ውሰጂላቸው። አንድ ቃል እንዳትናገሪ። የሚሉትን ግን ቃል በቃል አምጪልኝ።»

ይሄን ስትለኝ ድምጿ እንደ ሴት ልጅ ቀጥኖ ነበር። እምቢ በላቸው ያለችው አፍ፣ እሺ የምትልበትን ቀዳዳ ፍለጋ እኔን በሳህን እንደላከችኝ ያኔ ገባኝ።

ኒሙ ሥር ወሰድኩላቸው። ጋሽ ሙላት እጃቸውን ታጥበው ጎረሱ። አኘኩ። አኘኩ። ቀና ብለው አዩኝ፤ ወደ ቤቱ አዩ፤ ከመጋረጃው ጎን አንድ ዓይን ይታያል። እንግዲህ ይኸው ማንኪያው አፍ ላይ ነው፤ ደግሞም መብራት አይጠፋም፤ ፀሐይ ነው።

«ለእትዬ ብዙነሽ ንገሪያት» አሉ ጋሽ ሙላት። «ጨው በዝቶበታል።»

ሳህኑን ሊመልሱልኝ መሰለኝና እጄን ዘረጋሁ። ሳህኑን ወደ ራሳቸው ሳቡት።

«እንጀራ ካለ ደግሞ ጨምሪልኝ።»

ተመለስኩ። ሁሉም አዩኝ። ለወትሮው ወሬ የማያስመጡኝ ሰዎች አንገታቸውን አስግገው ጠበቁኝ። «ምን አሉ?» አለች እትዬ ብዙነሽ ከመጋረጃው ኋላ።

«'ጨው በዝቶበታል' አሉ።»

«ኧረ በስማም!» አሉ አቶ ደምሴ። «ሊያገባ መጥቶ ወጥ ያጣጥላል? አለቀልን፣ ተነሥ ሃጂ!»

«'እንጀራ ጨምሪልኝ' ደግሞ አሉ» አልኩ።

ከመጋረጃው ኋላ መጀመሪያ ተንተፋተፈ። ከዚያ ያዘ። ያ የጭነት መኪና ሳቅ ቤቱን ሞላው። መጋረጃው ተገለጠና እትዬ ብዙነሽ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጥላ፣ ሙሽሪት በማትወጣበት ሰዓት፣ ሽማግሌ መሀል ቆመች። አፏን አልሸፈነችም።

«ወንድሜ፣ እሺ በላቸው» አለች።

«አልሐምዱሊላህ!» አሉ ሃጂ ሰይድ፤ በዚያው ትንፋሽ «ልጄ፣ ውሃ! ለአላህ ብለሽ ውሃ!» አሉ። አቶ ደምሴ ጆጉን ቀድመዋቸው ያዙ። «እኔማ መጀመሪያውኑ አውቄው ነበር፤ ለእናንተ ክብር ብዬ ነው» ይላሉ በሁለት ጉንጭ መሀል።

እትዬ ብዙነሽ እንባዋን እየጠረገች ወደ እኔ ዞረች። «አንቺ ልጅ፣ ለመሆኑ ስንቴ ነው ጨው ያደረግሽበት?»

«ኧረ እንደ ሁልጊዜው ነው» አልኩ።

ወንድሟን አየችው። ወንድሟ ጣሪያውን አየ። እኔ በሽማግሌዎቹ አፍሮ መሰለኝ።

ሠርጉ ሆነ። ሙሽራው ጥጥ የመሰለ ፀጉራቸውን ይዘው፣ ሙሽሪት ጥርሷን ሳትደብቅ እየሳቀች። «ጭምት ናት» ማለት ቀረ፤ «ለካ እንዲህ ተጫዋች ናት!» ተባለ። እንዳልኳችሁ ነው፤ ከተማችን ለማመስገን ምክንያት አታጣም። ጨው ሆይ ለራስህ ስትል ጣፍጥ ይባላል፤ እዚህ ግን ሳይጣፍጥም አጋባ።

መብራቱ ሲመጣ በቀለ ፊልሙን እንደገና ሊያሳይ ነው ተብሎ ሰው በሩ ላይ ተጋፋ፤ አቶ ደምሴና ሃጂ ሰይድ ሳይቀሩ ከፊት ተቀመጡ። ሾርባው ቀረበ። ማንኪያው ተነሣ፣ አፍንጫው ጋ ሄደ፣ ጆሮው ጋ ሄደ፣ አፉ ጋ ደረሰ። ከንፈሩ ተከፈተ። ቴሌቪዥኑ ብልጭ አለና አረንጓዴ ሜዳ ላይ ሃያ ምናምን ሰው ኳስ ሲያባርር መጣ። ካሴቱን ለበቀለ የሸጠለት ሰው መጨረሻው ላይ ኳስ ጨዋታ ቀድቶበታል። አስተናጋጁ ምን እንዳለ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። ሃጂ ግን «አየህ፣ 'ይጣፍጣል' ሊል ነበር፣ ከንፈሩ ሰፋ ብሏል» ይላሉ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር።

በክረምቱ የካሣሁን የደብረ ሲና አክስት ታመሙና ልንጠይቃቸው ወጣን። ጉሙ በር ላይ ቆሟል። አክስቲቱ በጋቢ ተጠቅልለው እሳት ዳር፣ እኔ ወጥ ሠርቼ አቀረብኩ። ካሣሁን በላ፣ «እጅሽ ይባረክ» አለ፣ ከዚያ እጁ ወደ ጆጉ ሄደ። አንድ ብርጭቆ ጠጣ። ጥርሱ በብርድ እየተንቀጫቀጨ ደገመ። ሊሠልስ ሲቀዳ አክስቱ «ይህ ልጅ ምን ሆነ? በዚህ ብርድ ውሃ!» አሉ።

«የሮቢት ልማድ ሆኖብኝ ነው እትዬ» አለ።

ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። ያ ጆግ ሙሉ የካሣሁን ውሃ፣ ያ «ሮቢት ላይ የማይጠጣ ማን አለ?» ያልኩት፣ ያ ፈረስና ያ ገንዳ ሁሉም በአንድ ላይ መጡብኝ። ልጠይቀው አፌን ከፈትኩ። ከዚያ አሰብኩት። አንዱ ሰው «ጨው በዝቶበታል፣ እንጀራ ጨምሪልኝ» ብሎ ይወዳል። ሌላው ከፈረስ ጋር ይጠጣል። የትኛው ይበልጣል? እኔ እንጃ፤ እኔ ስምንተኛ ክፍል ነው የቀረሁት። ጆጉን ሞልቼ አመጣሁለት።

ሮቢት ስንመለስ ግን ዝም ብዬ ጨውን በግማሽ ቀነስኩት። ካሣሁን ከጎሚስታ ቤት መጣ፣ ታጠበ፣ ተቀመጠ፣ ጎረሰ። ማኘክ አቆመ። ሳህኑን አየ፣ እኔን አየ። ከተጋባን ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ በወጤ ላይ አስተያየት ሰጠ።

«ዛሬስ» አለኝ ካሣሁን፣ «ጨው ረስተሻል።»